የአረጋውያን የሕግ ጉዳይና የጠበቃ አገልግሎት በዓለም ከተማ

የአረጋውያን የሕግ ጉዳይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በኑዛዜ፣ በውርስ፣ በስጦታ፣ በመሬት ይዞታ፣ በቀለብ፣ በጡረታና በውክልና ረገድ የሚያጋጥሟቸውን የሕግ ጥያቄዎች የሚያጠቃልል ስያሜ ነው። በኢትዮጵያ «የአረጋውያን ሕግ» ተብሎ በአንድ አዋጅ የተሰበሰበ ሕግ የለም፤ ድንጋጌዎቹ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በቤተሰብ ሕጉ፣ በመሬት አዋጆችና በጡረታ አዋጆች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ስለዚህ በዓለም ከተማና በአካባቢዋ የሚኖር አረጋዊ ጠበቃ ሲፈልግ የሚያገኘው በጠቅላላው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። አብዛኛው የአረጋውያን ክርክር የሚነሳው ሰነዱ በጊዜውና በሕጉ ሥርዓት ባለመሠራቱ በመሆኑ፣ የሕግ ባለሙያ ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ክስ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ከተማዋና ፍርድ ቤቶቹ

ዓለም ከተማ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የመርሐ ቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ በሙከጡሪና በለሚ አልፎ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ይህ የመሬት አቀማመጥ ለፍትሕ አገልግሎትም ትርጉም አለው። የወረዳው ፍርድ ቤት በከተማዋ ሲሆን፣ ይግባኝ የሚቀርብለት የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በደብረ ብርሃን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በባሕር ዳር ይገኛል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ ጉዳይ በአዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል።

ለአንድ የሰባ ወይም የሰማንያ ዓመት አዛውንት እያንዳንዱ ቀጠሮ የጉዞ፣ የማደሪያና የአጃቢ ወጪ አለው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሳው ግጭትም የመንገድ ጉዞን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። በዚህ ምክንያት ጉዳዩ በወረዳ ደረጃ እንዲያልቅ ማድረግ፣ ማለትም ማስረጃን አሟልቶ መነሳት፣ ከሁሉ ይቀድማል።

ታሪካዊ አመጣጥ

የሰሜን ሸዋ ደጋ አገር፣ በተለይ መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ፣ የርስት አገር ሆኖ የኖረ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መሬት የሚያዘው በዘር ቆጠራ ስለነበር፣ አባትና አያትን ቆጥሮ ድርሻን መሟገት የአካባቢው ሰው የዘወትር ሥራ ነበር። በዚህ ሙግት ሽማግሌዎች ትልቅ ቦታ ነበራቸው፤ የዘር ሐረጉን የሚያውቁ ምስክሮች እነሱ ነበሩና። ክርክሩም «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሥርዓት በአደባባይ፣ በንግግር ችሎታ ይካሄድ ነበር። ራሱ መናገር የማይችል ሰው አንደበተ ርቱዕ ዘመዱን ወይም ነገር ዐዋቂን ያቆም ነበር፤ ጠበቃና ነገረ ፈጅ የሚሉት ቃላት ከዘመናዊው ሙያ ቀድመው የታወቁት ለዚህ ነው።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ዘመናዊ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ደንብ ጠበቆች እንዲመዘገቡ አደረገ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን፣ ውርስን፣ ስጦታንና ውክልናን በጽሑፍ ሥርዓት ሲያስገባ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ። የዛሬው አረጋዊ የሚሟገተው በይዞታ ደብተር፣ በተጻፈ ኑዛዜና በተረጋገጠ ውል ነው። ቃልና ምስክርነት የለመደ ትውልድ ወረቀት በሚጠይቅ ሕግ ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዚህ ሽግግር መካከል ነው።

ዋና ዋና ጉዳዮች

ኑዛዜ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ አለ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም እሱ እየተናገረ በሌላ ሰው ይጻፋል፤ ከዚያም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ መጠቀስ አለባቸው፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራቸውን ማኖር አለባቸው (ቁጥር 881)። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ (ቁጥር 882)። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የሚጽፈው ኑዛዜ ነው። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚጋጨው በቃል ኑዛዜ ነው። በአካባቢው ልማድ አንድ ሰው ሲደክም የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስበው የመጨረሻ ቃሉን ይሰማሉ። ሕጉ ይህን ቃል በሁለት ምስክሮች ይቀበለዋል፤ ወሰኑ ግን ጠባብ ነው። በቃል ኑዛዜ ማዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳጊነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከዳነና ሦስት ወር ካለፈም ኑዛዜው ይፈርሳል። ስለዚህ «ቤቱን ለእገሌ ብሏል» የሚለው ቃል፣ የንስሐ አባት ቢመሰክሩበት እንኳ፣ ቤት አያስተላልፍም።

ኑዛዜ የግል ተግባር ስለሆነ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ሊናዘዙ አይችሉም፤ እንዲህ ያለው ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ተናዛዥም ይህን በግልጽ መናገርና ምክንያቱን ማስፈር አለበት። ከዚህ ሌላ፣ ዘመድ ሳይሆን በተናዛዡ የመጨረሻ ስድስት ወራት ውስጥ ላስታመመው፣ መንፈሳዊ እርዳታ ለሰጠው ወይም በሕግ ላማከረው ሰው የተደረገን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። ይህ ጠበቃንም ይጨምራል። ኑዛዜውን የሚያረቅ ባለሙያ ከኑዛዜው ተጠቃሚ መሆን የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው።

ስጦታ

ስጦታ ከኑዛዜ የሚለየው በሕይወት ሳሉ ንብረቱን ስለሚያስተላልፍ ነው። ኑዛዜን ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ስጦታ ግን አንዴ ከጸና በቀላሉ አይመለስም። ብዙ አረጋውያን «ጧሪ ቀባሪ ይሁነኝ» ብለው ቤታቸውን ለአንድ ልጅ ወይም ለዘመድ ይሰጡና ኋላ በራሳቸው ቤት እንግዳ ይሆናሉ። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል (ቁጥር 2443)። ሰጪው ከተቸገረ ተቀባዩ ሊቀልበው ይገባል፤ ተቀባዩ ውለታ ቢስ ሆኖ ከተገኘም ስጦታውን ማሻር የሚቻልበት መንገድ አለ። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት ከማስመለስ ይልቅ ከመስጠት በፊት መመካከሩ ይቀላል። ሰጪው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በቤቱ የመኖር መብቱ በውሉ እንዲጻፍለት ማድረግ ወይም ስጦታውን ትቶ መናዘዝ ጠበቃ ሊያመለክታቸው ከሚችሉ መንገዶች ይገኙበታል።

የገጠር መሬት

የመርሐ ቤቴ አረጋዊ ዋና ሀብት አብዛኛውን ጊዜ የእርሻ መሬት ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ አርሶ አደሩ ያለው የይዞታ መብት ነው። በክልሉ ይህን የሚገዛው የአማራ ክልል የተሻሻለው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቷል። በክልሉ በተሰጡት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሮች የባልና የሚስት ስም አብሮ ስለሚሰፍር፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት መብቷን የምታስረዳበት የመጀመሪያው ማስረጃ ደብተሩ ነው።

አቅም ያነሰው አረጋዊ መሬቱን ለእኩል ወይም በኪራይ ይሰጣል። ውሉ በቃል ብቻ ሲሆን፣ ለዓመታት ያረሰው ሰው ይዞታው የራሱ እንደሆነ መናገር ሊጀምር ይችላል። ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይህን ክርክር ያስቀራል። የእርሻ መሬት በኑዛዜ ወይም ያለ ኑዛዜ የሚተላለፍበት ሥርዓት በከተማ ካለ ቤት የተለየ በመሆኑ፣ ሁለቱንም በአንድ ኑዛዜ የሚያካትት ሰው ባለሙያ ሳያማክር ባይጽፍ ይመረጣል።

ቀለብ

ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ አለባቸው። ይህ የሞራል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በፍርድ የሚያስገድድ ነው። በአማራ ክልል የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ውስጥም ተመሳሳይ ድንጋጌ አለ። ቀለብ ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር የማይችል መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ መጠኑ የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ብዙ ወላጆች «ልጄን ከስሼ» ላለመባል ይህን መብት ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ በደብዳቤ ወይም በሽምግልና ልጆቹን ጠርቶ ድርሻቸውን በጽሑፍ እንዲስማሙ ካደረገ ጉዳዩ ክስ ላይ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል።

ጡረታ

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ዕድሜን በተመለከተ ክርክር ሲነሳ ትልቁ ማስረጃ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነው። ብዙ የማይታወቀው የተተኪዎች መብት ነው። ሟች የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ባል ወይም ሚስትና ልጆች ብቻ ሳይሆኑ፣ በሟቹ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆችም ጡረታ ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ መምህር ወይም ወታደር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በልጃቸው ስም የሚገባቸው ካለ መጠየቅ ይጠቅማቸዋል። በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ያመለክታል።

ውክልናና የጣት አሻራ

በአካባቢው ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር የሚኖሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ውክልና የሚሰጠውም በብዛት ለእነዚህ ልጆች ወይም ለቅርብ ዘመድ ነው። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራን ብቻ ይፈቅዳል። ቤት ለመሸጥ፣ ስጦታ ለማድረግ ወይም ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (ቁጥር 2205)። ወካዩ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል። ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል።

ማንበብ ለማይችሉና ዓይናቸው ለታወረ አረጋውያን ሕጉ ጠንካራ ጥበቃ አድርጓል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መሠረት ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሳያውቁ «እዚህ ጋ አሻራዎን ያኑሩ» የተባሉ አረጋዊ ጠበቃ ሲያገኙ መጀመሪያ ሊነግሩት የሚገባ ነገር ይህ ነው።

ችሎታ ማጣት

በእርጅና የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ ሰዎች በፍርድ ቤት ውሳኔ ከሕጋዊ ተግባር ተከልክለው ሞግዚት ሊሾምላቸው ይችላል። አቤቱታውን ራሱ ባለጉዳዩ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርብ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ሰውየውን ራሱ ማየት ወይም በዳኛ ወይም በባለሙያ እንዲታይ ማድረግ ይጠበቅበታል። ይህ ሥርዓት ጥበቃ ሊሆን የሚችለውን ያህል አረጋዊን ከንብረቱ ለማራቅም ሊያገለግል ስለሚችል፣ እንዲከለከል የተጠየቀበት ሰው የራሱ ጠበቃ ቢኖረው ይመረጣል። በከተማዋ ከሚገኘው እናት ሆስፒታል ወይም ከሌላ የጤና ተቋም የሚወሰድ የሕክምና ማስረጃ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ኑዛዜ በሚደረግበት ሰሞን የተወሰደ ማስረጃ ደግሞ «አእምሮው ደክሞ ነበር» የሚለውን የኋላ ክርክር ይመክታል።

የሕግ ድጋፍ የሚገኝባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው በር የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ያሉ ዐቃብያነ ሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች እነማን እንደሆኑም ከዚያ መጠየቅ ይቻላል። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 943/2008 የገንዘብ አቅም የሌላቸውን ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ወክሎ መከራከርን ከዐቃቤ ሕግ ተግባራት አንዱ አድርጎት ነበር። ስለዚህ አቅም የሌለው አረጋዊ በወረዳው ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጥ ጠበቃ ከመያዙ በፊት ቢጠይቅ አይጎዳም።

ሁለተኛው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ነው። ሬጅስትራር ለአንድ ወገን አይከራከርም፤ ነገር ግን ክስ እንዴት እንደሚከፈት፣ ምን ማስረጃ እንደሚያያዝና በነፃ ለመክሰስ እንዴት እንደሚመለከት ያስረዳል።

ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል በዞኑ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለሴት አረጋውያን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አንድ አማራጭ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ የአረጋውያንን መብት የሚከታተል ክፍል ስላለው፣ የመብት ጥሰት አቤቱታ ሊቀርብለት ይችላል።

አራተኛው የግል ጠበቃ ነው። በዓለም ከተማ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ በአዲስ አበባ ጠበቃ ይቀጥራል። የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚሰጠው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ነው። በአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ የክልሉን ፈቃድ መያዝ አለበት። ይህ ሳይጣራ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ጠበቃው በወረዳው ችሎት መቆም እንደማይችል ሊታወቅ ይችላል።

ከፍርድ ቤት አጥር ውጭ የሚቀመጡ ማመልከቻና ክስ ጸሐፊዎች፣ በተለምዶ ራፖር ጸሐፊ የሚባሉት፣ አምስተኛው አማራጭ ናቸው። ለቀላል ማመልከቻ ይጠቅማሉ፤ ዋጋቸውም ዝቅተኛ ነው። ሆኖም በክስ ውስጥ ያልተጠቀሰ ጥያቄ ላይ ፍርድ ስለማይሰጥ፣ በውርስና በመሬት ክርክር በደንብ ያልተጻፈ ክስ የጉዳዩን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ጠበቃ ሲመረጥ

የጠበቃው ፈቃድ የታደሰ መሆኑንና በየትኛው ፍርድ ቤት ለመቆም እንደሚያስችለው ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው በውርስ፣ በገጠር መሬት ወይም በጡረታ ጉዳይ ስላለው ልምድ ነው፤ ምክንያቱም የንግድ ወይም የወንጀል ጉዳይ የሚሠራ ጎበዝ ጠበቃ የክልሉን የመሬት አዋጅ ላያውቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ደንበኛው ማን ነው የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ አረጋዊውን ወደ ጠበቃ የሚያመጣው፣ የሚከፍለውም ልጅ ነው። ይህ ልጅ ከኑዛዜው ወይም ከስጦታው ተጠቃሚ ሲሆን፣ ጠበቃው የሚታዘዘው ለእናቲቱ ወይስ ለልጇ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በሙያው ሥነ ምግባር ጠበቃ እርስ በርስ የሚጋጭ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች በአንድ ጉዳይ ሊያገለግል አይገባም። ስለዚህ ጥሩ ጠበቃ ኑዛዜ፣ ስጦታ ወይም ውክልና ከመጻፉ በፊት አረጋዊዋን ለብቻዋ ያነጋግራል፤ የምትሰጠውን ነገር፣ ለማን እንደምትሰጥና ለምን እንደምትሰጥ ራሷ እንድትናገር ያደርጋል። ይህ ለልጁም ይጠቅማል፤ ወንድሞችና እኅቶች በኋላ «አስገድዶ አስፈርሟት ነው» ቢሉ ማስተባበያ ይሆነዋልና።

የጥብቅና ውል በጽሑፍ ሆኖ ክፍያው፣ የሚከፈልበት ጊዜና አገልግሎቱ እስከ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ቢገለጽ ለሁለቱም ወገን ግልጽ ይሆናል። ለተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ መቀበል፣ የይዞታ ደብተርና የመሳሰሉትን ዋና ሰነዶች ለማንም አለመስጠትና ቅጂ ብቻ ማስረከብም ይመከራል። ዋናው ሰነድ ለችሎት በሚያስፈልግ ጊዜ ባለቤቱ ይዞት ይቀርባል።

ወደ ጠበቃ ሲኬድ የሚያስፈልጉ ዋና ዋና ሰነዶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የመታወቂያ ካርድ
• የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የቤት ካርታ ወይም የግብር ደረሰኝ
• የጋብቻ ማስረጃ፣ የሰማንያ ወረቀት ወይም ጋብቻው በቁርባን ከሆነ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ማስረጃ
• የልጆች ዝርዝር፣ የሞቱትና የእነሱ ልጆች ጭምር
• ቀደም ሲል የተጻፈ ኑዛዜ፣ ስጦታ፣ ውክልና ወይም የኪራይ ውል
• የጡረታ ደብተር ወይም ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ
• ለምስክርነት የሚጠሩ ሰዎች ስምና አድራሻ

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ አብዛኛው አረጋዊ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት የለውም። ይህ መብትን አያስቀርም፤ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በሰው ምስክር ማስረዳት ይቻላል። ምስክሮቹም አብዛኛውን ጊዜ አረጋውያን በመሆናቸው፣ ጉዳዩን ማዘግየት ማስረጃን ያሳጣል።

ወጪና በነፃ መክሰስ

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃነት ያለ ክፍያ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። ንብረቱንና ገቢውን በዝርዝር ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም አጣርቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ ሰው በዚሁ ሕግ ቁጥር 58 መሠረት ባሏን ወይም ሚስቱን፣ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም የልጅ ልጁን ወክሎ ማቆም ይችላል። ይህ ለማይንቀሳቀሱ አረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነው። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቆች በዓመት 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ግዴታ ጥሎ ነበር። ሌላውን ጉዳይ በክፍያ የሚይዝ ጠበቃ አንዱን በነፃ እንዲይዝ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ሽምግልናና እርቅ

በመርሐ ቤቴ የቤተሰብ ጠብ ቀድሞ የሚታየው በሽማግሌ ነው። የቀለብና የአብሮ መኖር ጉዳይ በሽምግልና ቢያልቅ ለሁሉም ይቀላል፤ ሰላማዊ ግንኙነትም አይቋረጥም። ሆኖም ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ እርቁ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ካልተመዘገበ ተስማሚው ሲክድ ለማስፈጸም ያዳግታል። ሁለተኛ፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ውርስን በግልግል ዳኝነት ከማይታዩ ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ወራሾችን ማስማማት ቢችሉም ወራሽነትን የሚያረጋግጠው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ከባለጉዳዮቹ የአንዱ ወገን ሲሆኑ ወይም አሮጊቷ «ልጆቼን አላዋርድም» ብላ መብቷን ስትተው፣ ሽምግልና ደካማውን የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ከእርቁ በፊት ባለሙያን ማማከር ምን እየተዉ እንደሆነ ለማወቅ ይጠቅማል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ

የአረጋውያን ሕግ ራሱን የቻለ የጥብቅና ዘርፍ ሆኖ የዳበረው በአሜሪካ ሲሆን፣ የነርሲንግ ቤት ወጪ፣ የሕክምና መድንና የውርስ ዕቅድ ዋና ጉዳዮቹ ናቸው። በኢትዮጵያ አረጋዊ የሚጦረው በቤተሰብ ስለሆነ ጉዳዮቹ ወደ ቤተሰብና ወደ መሬት ያዘነብላሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲመድብ ይደነግጋል። የአፍሪካ ኅብረትም በጥር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ፕሮቶኮል አጽድቋል፤ በውስጡም አረጋውያን ፍትሕ የማግኘትና የሕግ ድጋፍ የማግኘት መብት ተካቷል። ይህ መብት በዓለም ከተማ ደረጃ የሚታየው አንዲት አሮጊት ደብተሯን ይዛ ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ስትገባ ተቀምጦ የሚያዳምጣት ባለሙያ ስታገኝ ነው።